የዲክታተርን ስም ጠላት አላጠፋውም

ሰሞኑን "ዲክታተር" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አጻጻፉ ደስ ይላል። ያነሳቸው ታሪኮችም አብዛኞቹ በሮም ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ያሉ ናቸው። ግን ታሪኮቹን ሰብስቦ የደረሰበት መደምደሚያ አደገኛ ነው። በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ዲክታተር ማለት "አዛዥ" ነው፤ ስለዚህ ያልተገደበ ሥልጣን ከስሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሮማውያን ችግር ሲገጥማቸው ሁሉንም ነገር ለአንድ ሰው አስረክበው "አቤት" ብለው ይታዘዙ ነበር፤ ማንም እምቢ ሊለው አይችልም፤ ታላቅ የሆኑትም በዚህ ነው። እንደ ሲንሲናተስ ያለ ጨዋ ሰው ደግሞ ሥልጣኑን ይመልሳል። የሮም ጦር መሪዎቹ ሱላና ዩልዮስ ቄሳርም ያንኑ የጥንት ሹመት ነው የያዙት፤ ስሙን ያጠለሹት ጠላቶቻቸው ናቸው። ዲክታተር፣ ታይራንት፣ ዴስፖት፣ አምባገነን የሚባሉትም ሁሉ ትርጉማቸው አንድ ነው። እናም ቃሉን ከስድብነት አውጥተን ክብሩን እንመልስለት፤ የተቸገረ አገርም ለጊዜው ዲክታተር ቢያገኝ ይጠቀማል ይላሉ ጸሐፊው።

ነጥቦቹን በተራ ልያዛቸው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ አመጣጥ። ጸሐፊው ግማሹን በትክክል ብለዋል። ላቲኑ "ዲክታቶር" የመጣው "ዲክታሬ" ከሚለው ግሥ ነው። ይሄ ግሥ ደግሞ "ዲኬሬ"፣ ማለትም "መናገር"፣ የሚለው ተደጋጋሚ መልክ ነው። ደጋግሞ መናገር፣ ሌላው እንዲጽፍ ቃል በቃል ማለት፣ ማዘዝ የሚሉ ፍቺዎች አሉት። ክፍል ውስጥ "ዲክቴሽን" የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ክርክር የለኝም።

ግን ሮማውያን ራሳቸው ቃሉን ሲያብራሩ ምን አሉ? የሮሙ ፖለቲከኛና ጸሐፊ ሲሴሮ ዲክታተር የተባለው "ስለሚሰየም" ነው ይላል። ቆንስሉ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚመረጠው መሪ፣ ስሙን ይጠራዋል፤ ተጠርቶ ይሾማል። የሮሙ ሊቅ ቫሮ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። በቆንስሉ አንደበት የሚሰየም ነው፤ ሁሉም ለቃሉ የሚታዘዙለት ነው። በሰዋስው ከሄድን የሲሴሮ ማብራሪያ አያስኬድም። የቃሉ መጨረሻ ድርጊቱን የሚፈጽመውን ሰው ነው የሚያመለክተው፤ የሚናገረውን እንጂ የሚነገርለትን አይደለም። ቢሆንም ሁለቱም የቋንቋው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሹመት ሲያስቡ ቶሎ የመጣላቸው የሰውዬው አዛዥነት ብቻ አልነበረም። ሌላ ሰው የሾመው መሆኑም ነበር።

ሌላም አለ። ሲሴሮ እንደሚነግረን፣ በሮም የሟርት ካህናት መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሹም የተመዘገበው በሌላ ስም ነው። "ማጊስተር ፖፑሊ" ይሉታል፤ የሕዝቡ አለቃ ማለት ነው። ብዙ የታሪክ ምሁራን "ፖፑሉስ" እዚህ ላይ የእግረኛውን ጦር ነው የሚለው ይላሉ። ምክንያቱም ምክትሉ "ማጊስተር ኤኲቱም" ይባል ነበር፤ የፈረሰኞች አለቃ። እንግዲህ ሥልጣኑ "አዛዥ" ከሚለው ስም ጋር አብሮ ተወለደ የሚለው ክርክር እዚሁ ይላላል። ሹመቱ ሌላ ስምም ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። "ሮማውያን ሁሉንም ነገር ለአንድ ሰው ያስረክቡ ነበር" ይላሉ ጸሐፊው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ቀሪ ክፍል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሮም ንጉሦቿን ካባረረች በኋላ በየዓመቱ ሁለት ቆንስሎች ትመርጥ ነበር። ሁለት የሆኑት አንዱ ሌላውን እንዲያግድ ነው። ጦርነት ሲበረታ ወይም ሁለቱ መሪዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ለጊዜው አንድ አለቃ ያስፈልጋል ተባለ። የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ የመጀመሪያው ዲክታተር ቲቶስ ላርክዮስ እንደነበር ይጽፋል፤ ጊዜው በ501 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ነው። እሱ ራሱ ስለ ሰውየውም ስለ ዓመቱም ምንጮቹ እንደማይስማሙ አልደበቀም።

አሿሿሙ እንዲህ ነበር። ሴኔቱ፣ ማለትም የሮም ሹማምንት ምክር ቤት፣ ዲክታተር ያስፈልጋል ብሎ ይወስናል። ከቆንስሎቹ አንዱ ሌሊት ተነስቶ፣ በጸጥታ፣ የሰውየውን ስም ይጠራል። ማንም ራሱን አይሾምም። የሥልጣኑ ዘመን ቢበዛ 6 ወር ነው። ሥራው ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ቀድሞ ይለቃል፤ ወግ ያለው ሰው 6 ወሩን አይጠብቅም።

እያንዳንዱ ዲክታተር የሚሾመው ለተለየ ሥራ ነበር። ጦር ለመምራት የሚሾም አለ። ቆንስሎቹ ሩቅ ዘምተው ሳለ ምርጫ ለማስፈጸም ብቻ የሚሾም አለ። ሚስማር ለመምታት የሚሾምም ነበር። አዎ፣ ሚስማር። በ363 ቅ.ል.ክ. ሮም በወረርሽኝ ተጨንቃ ነበር። ሽማግሌዎች ድሮ ዲክታተር ሚስማር ሲመታ ቸነፈር ቆሞ ያውቃል ብለው አስታወሱ። ስለዚህ ሉክዮስ ማንልዮስ በጁፒተር ቤተ መቅደስ ሚስማር እንዲመታ ዲክታተር ተደርጎ ተሾመ። ሰውየው ሚስማሩን መታ። ከዚያ ግን "ዲክታተር ከሆንኩ አይቀር" ብሎ ለጦርነት ወታደር መመልመል ጀመረ። የሕዝብ ጠበቆቹ፣ ትሪቢውን የሚባሉት፣ በሙሉ ተነሱበት። ሥልጣኑን ለቀቀ።

"ማንም እምቢ ሊለው አይችልም" ለሚለው አባባል ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። የተሾመው ለሚስማር ነው፤ ከሚስማር ሲያልፍ አስቆሙት።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዲክታተር ያለ ፈቃድ ፈረስ ላይ መውጣት አይችልም ነበር። በ217 ቅ.ል.ክ. የካርቴጅ ጦር መሪ ሃኒባል ጣሊያንን እያመሰ ሳለ የተሾመው ፋብዮስ እንኳ በዘመቻው ፈረስ ልቀመጥ ብሎ ሴኔቱን ፈቃድ እንደጠየቀ ግሪካዊው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ሁለት ነገር ይላል። አንድም የሮም ጉልበት እግረኛው ስለሆነ አለቃው ከእግረኛው ጋር እንዲቆይ ነው። አንድም ሥልጣኑ ይህን ያህል ትልቅ የሆነ ሰው ቢያንስ በዚህ ነገር የሕዝቡን ፈቃድ የሚፈልግ ሆኖ እንዲታይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ልቤን ይነካዋል። ኃይሉን ሰጡት፤ ግን የሰጠው ማን እንደሆነ እንዳይረሳ አንዲት ነገር አስቀሩ።

ፍትሐዊ ልሁን። የዲክታተር ሥልጣን አስፈሪ ነበር። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደጻፈው አንድ ቆንስል 12 አጃቢ ሲኖረው ዲክታተር 24 ነበረው። በ325 ቅ.ል.ክ. ገደማ ዲክታተሩ ፓፒርዮስ ኩርሶር፣ ምክትሉ ፋብዮስ (ሌላ ፋብዮስ ነው) ያለ ትእዛዝ ጠላት ገጠመ ብሎ ሊገድለው ተነሳ። ልብ በሉ፣ ፋብዮስ ውጊያውን አሸንፏል። የጦሩ ልመና አልበቃም፣ የሴኔቱም አልበቃም። አባትየው ወደ ሕዝቡ ይግባኝ አለ። በመጨረሻ ሕዝቡና ትሪቢውኖቹ ሁሉ ሲለምኑት ነው ዲክታተሩ የማረው። እንግዲህ ሮማውያን የሰጡት ጥርስ የሌለው ሥልጣን ነበር እያልኩ አይደለም። ጥርሱን ስለሚያውቁት ነው የቀን ቁጥርና የሥራ ድንበር ያበጁለት።

ከሁሉም የምወደው ታሪክ የፋብዮስ ቡቴዮ ነው። በ216 ቅ.ል.ክ. ሃኒባል በካኔ ጦርነት ያደረሰው ሽንፈት ሮምን አንኮታኩቷታል። ከሞቱት መካከል ብዙ የሴኔት አባላት ነበሩ። ባዶ ወንበሮቹን እንዲሞላ ቡቴዮ ዲክታተር ሆነ። መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረው ግን ስለ ራሱ ሹመት ቅሬታውን ነው። ሁለት ዲክታተር ባንድ ጊዜ መኖሩን አልወድም አለ፤ ሌላው ጦር ሜዳ ነበር። ለጦርነት ያልተሾመ ዲክታተር 6 ወር ሥልጣን መያዙንም አልወድም አለ። ከዚያ 177 አዳዲስ አባላትን መዘገበ። እዚያው ለቀቀ። አጃቢዎቹን አሰናብቶ እንደ ማንኛውም ሰው ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ። ይህ ሁሉ የሆነው አገሪቱ ልትጠፋ አፋፍ ላይ ቆማ ሳለ ነው። ሊቪ እንደሚተርከው ከሆነ፣ ስለ ሥልጣን ገደብ ለማሰብ ጊዜው አይደለም ያለ የለም።

"ሮም ታላቅ የሆነችው በዲክታተሮቿ ነው" ስለሚለው ደግሞ ዓመቶቹን ማየት ይበቃል። ከሱላ በፊት የመጨረሻው ዲክታተር የተሾመው በ202 ቅ.ል.ክ. ነው። ሱላ የመጣው በ82 ነው። በመካከል 120 ዓመት አለ። በዚህ 120 ዓመት ውስጥ ሮም አንድም ዲክታተር አልነበራትም። እና በዚህ ጊዜ ምን ሆነ? መቄዶንያ ወደቀች። በ146 ካርቴጅ ፈረሰች። በዚያው ዓመት ቆሮንቶስ ተደመሰሰች። ሮም የጣሊያን ኃያል ከመሆን አልፋ የሜዲትራኒያን ጌታ የሆነችው ያለ ዲክታተር ነው። ድል ማድረግና ወረራ ታላቅነት ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው በያዙት ሚዛን እንኳ ብንመዝን ግን ሚዛኑ ወደ እሳቸው አያደላም።

ወደ ሲንሲናተስ እንምጣ። ታሪኩን የማያውቅ የለም። በ458 ቅ.ል.ክ. ኤኲ የሚባሉት ጎረቤቶች አንዱን የሮም ቆንስል ከነጦሩ ከበቡት። መልእክተኞች ሲንሲናተስን ከቲቤር ወንዝ ማዶ ካለችው ትንሽ እርሻው አገኙት። ልብሱን ለብሶ ሄደ፣ የተከበበውን ጦር አዳነ፣ በ16ኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። ሊቪ ይህን የጻፈው ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ዝርዝሩን የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን እንዳለ ልቀበለው። ከታሪኩ የምናገኘው ጨዋ ሰው ብቻ ነው? የ6 ወር ሹመት ነው የተሰጠው። ቢፈልግም ዘላለም ሊይዘው አይችልም ነበር። ሲንሲናተስ የሚመሰገነው ከ6 ወሩ ውስጥ 16ቱን ቀን ብቻ ተጠቅሞ በመሄዱ ነው። ከዚህ ተነስቶ "ጥሩ ሰው እስካገኘን ገደብ አያስፈልግም" ማለት ታሪኩን መገልበጥ ነው።

ጸሐፊው ደግሞ የዚያኑ ሰውዬ ሁለተኛ ታሪክ ትተውታል። ሲንሲናተስ በ439 ቅ.ል.ክ. እንደገና ዲክታተር እንደሆነ ሊቪ ይተርካል። በረሃብ ጊዜ ስፑርዮስ ማይልዮስ የሚባል ሀብታም ለድሆች እህል ያድላል። ንጉሥ ሊሆን ነው ተብሎ ይከሰሳል። ዲክታተሩ ያስጠራዋል። ሰውየው ፈርቶ ሲሸሽ የፈረሰኞች አለቃው ያዘውና ገደለው፤ ፍርድ ቤት ሳይቆም፣ ምስክር ሳይሰማበት። ሲንሲናተስም "ደግ አደረግህ" አለው። ማይልዮስ በእርግጥ ጥፋተኛ ነበር ወይስ የተራበ ሕዝብ ስለወደደው ብቻ ተፈራ? ከዚያ በኋላ ማንም ሊያጣራው አልቻለም። በታሪክ ሁሉ የጨዋ ገዥ ምሳሌ የሆነው ሰው እጅ ላይ እንኳ ይህ ሆኗል።

የሚቀጥለው ነጥብ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ነው። ሱላና ቄሳር ያንኑ ሹመት ነው የያዙት፣ ስሙን ያጠፉት ጠላቶቻቸው ናቸው የሚለው።

ሱላ ሮም የገባው በጦር ነው። በ82 ቅ.ል.ክ. የእርስ በርስ ጦርነቱን ሲያሸንፍ ሁለቱም ቆንስሎች ሞተው ነበር። ስለዚህ የሚሾመው ቆንስል የለም። በክፍተቱ ጊዜ የተቀመጠ ጊዜያዊ ሹም ሕግ አቅርቦ ሱላን ዲክታተር አስደረገው። የሹመቱ ሥራ "ሕግ መጻፍና መንግሥቱን ማቋቋም" ተባለ። የጊዜ ገደብ አልተጻፈም። እስቲ ከድሮው ጋር አስተያዩት። የሚስማሩ ዲክታተር ሥራው መቼ እንዳለቀ ማንም ያውቃል፤ ሚስማሩ ተመትቷል። "መንግሥቱን ማቋቋም" መቼ ነው የሚያልቀው? ያለቀ ቀን ማን ይናገራል? ራሱ ሱላ ብቻ።

በአደባባይ የሚገደሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር እየጻፈ ለጠፈ። ፕሉታርክ እንደሚለው በመጀመሪያው ቀን 80 ስም፣ አንድ ቀን ዘሎ ሌላ 220፣ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ የማያንስ። የገደለ ይሸለማል። ንብረታቸው ይወረሳል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መብታቸውን ያጣሉ። ይህንን ከሲንሲናተስ 16 ቀን ጋር "ያው ሹመት" ብሎ መጥራት ስሙን ብቻ አይቶ ነገሩን መተው ነው።

ከእኔ ይልቅ አፒያን በደንብ ይናገረዋል። ይህ የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ፣ የዲክታተር ሥልጣን ድሮም የታይራንት ሥልጣን ነበር፣ ግን በአጭር ጊዜ የታጠረ ነበር ይላል። በሱላ ጊዜ ያ የጊዜ አጥር ሲነሳ ፍጹም የታይራንት አገዛዝ ሆነ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ስሙ አልተለወጠም። የተነሳው አጥሩ ነው።

ሱላ በኋላ በፈቃዱ ለቋል፤ ይህ እውነት ነው። በ78 የሞተው ሥልጣን ላይ ሆኖ አይደለም። ግን መንገዱን አሳይቶ ሄዷል። የቄሳሮችን ሕይወት የጻፈው ስዌቶንዮስ፣ ቄሳር ተናገረው ተብሎ የሚወራ አንድ ነገር መዝግቧል። "ሱላ ፊደል አልቆጠረም፤ ዲክታተርነቱን መልቀቁ ለዚህ ነው" አለ ይባላል። ቃሉን ይዞ መጫወቱ ነው፤ ቃል በቃል ከማስጻፍ ጋር። ወሬው የመጣው ከቄሳር ጠላት አፍ እንደሆነ ስዌቶንዮስ ይጠቁማል። ስለዚህ ብሏል ብዬ አልምልም። ድርጊቱ ግን አይካድም፤ እርከኖቹን እንቁጠር። በ49 ዲክታተር ሆነ፣ ምርጫ አስፈጽሞ በ11 ቀን ለቀቀ። ልክ እንደ ድሮው። በ48 እንደገና ሆነ፤ አሁን ለአንድ ዓመት። በ46 ለ10 ዓመት። በ44 መጀመሪያ ላይ ለዘለቄታው። ሳንቲሙ ላይ መልኩ ተቀርጾ "ቄሳር፣ የዘለቄታው ዲክታተር" ተጻፈ። በሮማውያን አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን ተገደለ።

11 ቀን፣ ዓመት፣ 10 ዓመት፣ ዘለዓለም። በአምስት ዓመት ውስጥ። በእያንዳንዱ እርከን ላይ የሚሰጡት ምክንያት ነበራቸው። ጦርነቱ አላለቀም፣ አገሪቱ አልረጋችም፣ ሥራው ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ምክንያቶቹ ሁሉ ውሸት አለመሆናቸው ነው።

እና ስሙን ማን አጠፋው? የዲክታተርን ሹመት ለዘለዓለም የሚሽር ሕግ ያቀረበው ማርክ አንቶኒ ነው። ቄሳር በተገደለበት በዚያው ዓመት። አንቶኒ ማን ነው? የቄሳር ወዳጅ፣ ቀድሞ የፈረሰኞች አለቃው፣ በዚያ ዓመት አብሮት ቆንስል የነበረ ሰው። ገዳዮቹ አይደሉም። ሕዝቡን ሊያረጋጋ ፈልጎ እንኳ ቢሆን፣ ስሙን ቀብሮ ነው ያረጋጋው።

ቀጥሎ ደግሞ አውግስጦስ አለ፤ የቄሳር የማደጎ ልጅ፣ የአባቱን ስም ይዞ የነገሠው። በ22 ቅ.ል.ክ. ጎርፍ፣ ወረርሽኝና ረሃብ ሮም ላይ ተደራረቡ። ሕዝቡ "ዲክታተር ሁንልን" ብሎ ጮኸ፤ ሴኔቱን እናቃጥላለን እስከማለት ደርሶ ነበር። አውግስጦስ ተንበረከከ። ካባውን ከትከሻው ጥሎ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ተዉኝ ብሎ ለመነ። የእህሉን አቅርቦት ኃላፊነት ተቀበለ፤ ስሙን ግን እምቢ አለ። ጦሩ በእጁ ነው፣ ሀብቱ በእጁ ነው፣ ከሱላም ከቄሳርም የበለጠ ሥልጣን አለው። የፈራው ቃሉን ነው። በራሱ በጻፈው የሥራ ዝርዝር ውስጥም ዲክታተርነት ሲሰጠኝ አልተቀበልኩም ብሎ በኩራት አስፍሮታል። ይህ የጠላት ወሬ ነው? የቄሳር ቤተሰብ ነው።

ሁሉም ቃላት አንድ ናቸው ስለሚለው ብዙ አልቆይም። "ቲራኖስ" ግሪኮች ከሌላ ቋንቋ፣ ምናልባትም ከአናቶልያ አካባቢ የወሰዱት ቃል ነው። በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ.፣ ገጣሚው አርኪሎኮስ ስለ ልድያው ንጉሥ ጊጌስ ሲናገር ነው። መጀመሪያ ላይ ጭካኔን አይናገርም፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሕግና ያለ ውርስ የወጣን ሰው እንጂ። ክፉ ስም እየሆነ የመጣው በኋላ ነው፤ አርስቶትል ለገዥው ጥቅም ብቻ የሚሠራ አገዛዝ አድርጎ ደመደመው። "ዴስፖቴስ" ደግሞ የቤት ጌታ ነው፤ ባሪያዎቹን የሚያዝ አባወራ። በባይዛንታይን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የክብር ማዕረግ ሆኖም ነበር። ታይራንት ሥልጣኑን ይወስዳል፣ ዴስፖት ሰውን እንደ ንብረቱ ያያል፣ የሮም ዲክታተር በሌላ ሰው ይሾማል። በአመጣጣቸው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተገናኙት በኋላ ነው። ሮም ይኖር የነበረው ግሪካዊው ዲዮኒሲየስ ዲክታተርነትን "የተመረጠ ታይራንትነት" ብሎ ሲጠራው መገናኛቸው ይታያል።

"አምባገነን" የሚለው የኛ ቃል ውስጥ "አምባ"ና "ገነነ" ይሰማሉ። ከፍታ ላይ ወጥቶ የገነነ ሰው ነው ወደ አእምሮ የሚመጣው። የሾመው የለም፣ የሚወርድበት ቀን የለም። ለዛሬው ዲክታተር ጥሩ ስም ነው። ለሮሙ የ6 ወር ሹም ግን አይሆንም። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠሯቸው የአንደኛው ክብር ወደ ሌላው ሾልኮ ይገባል። የጽሑፉ ጉልበትም የመጣው ከዚህ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ቃሉን ክብሩን እንመልስለት የሚለው። ይህ በታሪክ ተሞክሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን በአደባባይ የለበሱ ሰዎች ነበሩ። ጋሪባልዲ እ.ኤ.አ. በ1860 ሲሲሊ ላይ በንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ስም ዲክታተር ነኝ ብሎ አወጀ። በዚያው ዓመት አስረክቦ ወደ ካፕሬራ ደሴቱ ተመለሰ። ፓራጓይ ውስጥ ደግሞ ፍራንሲያ እ.ኤ.አ. በ1816 የዘለቄታ ዲክታተር ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1840 እስኪሞት አልለቀቀም። ስሙ አንድ ነው። አንዱ ከወራት በኋላ ቤቱ ገባ፣ ሌላው ሩብ ምዕተ ዓመት ገዛ። የለያያቸው በስሙ ውስጥ ያለው ክብር አልነበረም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የከፉት ስሙን አልፈለጉትም። ሙሶሊኒ "ዱቼ" ተባለ፣ ሂትለር "ፉረር"። የሂትለርን ጉዳይ የማነሳው ለጽሑፉ "ለጊዜው" ለሚለው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1933 የጀርመን ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ መንግሥት ያለ ፓርላማ ሕግ እንዲያወጣ ፈቀደ። ያ ሕግ ገደብ ነበረው፤ 4 ዓመት። በ1937 ታደሰ። በ1939 ታደሰ። በ1943 ታደሰ። ወረቀቱ ላይ ቀን ተጽፏል፤ ቀኑ ሲደርስ "በቃ" የሚል የቀረ ግን አልነበረም። ሌሎቹ ፓርቲዎች ጠፍተዋል፣ ፓርላማው ማጨብጨቢያ ሆኗል።

በሮም ማንልዮስን ያስቆሙት ትሪቢውኖች ነበሩ። ቆንስሉ ይሾማል፣ ሴኔቱ ይወስናል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። እነዚህ ሁሉ በሕይወት ስለነበሩ ነው 6 ወር በእውነት 6 ወር የሆነው።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ እንግዲህ ይሄ ነው። እሳቸው ለተቸገረ አገር የሚመኙትን ዲክታተር ማን ይሾመዋል? ሥራው ምንድን ነው፣ እንዳለቀስ በምን ይታወቃል? ቀኑ ሲሞላ "ውረድ" የሚለው ማን ነው፤ ያ ሰውስ እስከዚያ ቀን ሳይታሰር ይቆያል ወይ? ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ክብሩ ብዙ ተጽፏል፤ ለእነዚህ ግን መልስ አላገኘሁበትም።